ስለ ጥፋተኝነት ድርድርና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክስ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብለው መተረታቸው፣ ሰው ብዙ ሀብቱን በሕግ ቢያጣ እንደሚታገሥ፣ ጥቂቱ ግን ያለ ፍርድ ቢወሰድበት እንደሚያዝን ሲያስረዱ ነው። የጥፋተኝነት ድርድር ስለሚባለው ሥርዓት ስናስብ ይህ ተረት ሊዘነጋ አይገባውም።

የጥፋተኝነት ድርድር ማለት ተከሳሹ ጥፋቱን ሲያምን ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ወይም የሚጠይቀውን ቅጣት የሚያቀልበት ስምምነት ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ አሳቡን ተቀብሎታል። ደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001፣ ኬንያም በ2008 በሕጋቸው አግብተውታል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ሰው በጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ነገር ግን ዕፁን ተሸክሞ የሚያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ተላላኪ ነው፤ ባለገንዘቡ በሩቅ ተቀምጧል። ተላላኪው ቅጣቱ ቀሎለት የላከውን ቢያመለክት ፖሊስ ከቅርንጫፉ ወደ ሥሩ ይደርሳል፤ ዳኛውም ምስክር በመጠበቅ የሚያልፈውን ጊዜ ለከባዱ ነገር ያውለዋል። ጥቅሙ ይህ ነው።

ሥርዓቱ በጋምቤላ ሲታሰብ ግን ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ከደቡብ ሱዳን ጋራ በሚዋሰነው በዚህ ክልል አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። እንግዲህ ከእናቱ ቋንቋ በቀር የማያውቅ ተከሳሽ በአማርኛ በተጻፈ ስምምነት ላይ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ አመነ ይባላልን? በችሎት የሚነገረውን ሁሉም ይሰማዋል፤ የድርድር ቃል ግን በጓዳ የሚነገር ነው።

ደግሞም ኑዌሮች ነፍስ ሲጠፋ በምድር ካህን አማላጅነት የደሙን ካሣ በከብት ከፍለው የመታረቅ ጥንታዊ ልማድ አላቸው። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ድርድር ሲባል ነገሩ በዕርቅ አልቆ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሊመስለው ይችላል። በጥፋተኝነት ድርድር ያመነ ሰው ግን ወንጀለኛ ተብሎ ይፈረድበታል፤ ወህኒም ሊወርድ ይችላል።

ሌላም አድልዎ ያሰጋል። ዋናው አዘዋዋሪ ብዙ ስለሚያውቅ ለድርድር የሚያቀርበው ብዙ ነው፤ ድኻው ተሸካሚ የላኪውን ስም እንኳ ስለማያውቅ ባዶ እጁን ይቀርባል። አለቃው ቀሎለት ሎሌው ቢከብድበት ፍርድ ተገለበጠ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከሕጋችን አይርቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ማንም ተገዶ እንዳያምን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ ክሱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ፣ ጠበቃ ማቆም አቅቶት ፍትሕ ለሚጓደልበትም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ያዝዛል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 134 ተከሳሹ ቢያምን እንኳ ዳኛው ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ እንዲችል ፈቅዷል።

ስለዚህ ዳኛው ስምምነቱን ከማጽደቁ አስቀድሞ፣ ከፖሊስ ወገን ባልሆነ አስተርጓሚ ተከሳሹን በግልጽ ችሎት መጠየቅ፣ የተያዘውም ነገር በእርግጥ አደንዛዥ ዕፅ መሆኑን በምርመራ ማረጋገጥ ይገባዋል። ነገርን ማሳጠር መልካም ነው፤ ፍርድን ማሳጠር ግን አይደለም።