ማሃሊያ ጃክሰን፤ ከጸሎት ቤት የወጣ ድምፅ

በአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተወልዶ ዓለምን የዞረውን፣ ጎስፔል የተባለውን መዝሙር ጠባዩን ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ከማገላበጡ አስቀድሞ የአንዲትን ሴት ድምፅ ቢሰማ ይሻለዋል፤ ይህችውም ማሃሊያ ጃክሰን ናት። የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በሚሲሲፒ ወንዝና በባቡር ሐዲድ መካከል በተጨናነቀ የድኾች ሰፈር ነው። አባትዋ ሳምንቱን በወደብ ሥራና በፀጉር አስተካካይነት ሲደክም ሰንብቶ እሑድ የሚሰብክ ሰው ነበረ፤ እናትዋ ግን ልጅቱ ገና የአምስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳለች ስላረፈች፣ ያሳደገቻት በሥራና በጸሎት የጸናች፣ በቤትዋ ዓለማዊ ዘፈን እንዲሰማ የማትፈቅድ ብርቱ አክስትዋ ናት።

በማውንት ሞሪያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናቱ ጋር ስትዘምር፣ መሪው እያወጣ ምእመናኑ የሚቀበሉትን፣ በእርጋታ የሚጎተተውን የአበው ዝማሬ ተማረች። ይሁን እንጂ ከቤታቸው አጠገብ ኦርጋንም ሆነ የተደራጀ የመዘምራን ማኅበር የሌለው ሌላ የጸሎት ቤት ነበረ፤ በዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ፣ ጭብጨባውና የእግሩ ምት ከሕዝቡ አንደበት ጋር ተባብሮ ወለሉን ያናውጠው ነበርና፣ ማሃሊያ የዜማዋ ምት ከዚያ እንደ መጣ ኋላ ራስዋ መስክራለች። አንዲቱ መምህርትዋ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስምዋ የማይነሣ ነበረች፤ እርስዋም አክስትዋ ከቤት በሌለችበት ሰዓት በሸክላ የምትሰማት የብሉዝ ዘፋኝ ቤሲ ስሚዝ ናት። ማሃሊያ ከእርስዋ የወሰደችው የዘፈኑን ቃል ሳይሆን፣ አተነፋፈሱንና አንዱን ቃል በጕሮሮ እያጠፉ የማስረዘሙን ጥበብ ነው።

በ1927 ገደማ፣ የደቡብ ጥቁሮች በብዙ ሺህ ወደ ሰሜን በሚፈልሱበት ዘመን፣ ወደ ቺካጎ ሄደች፤ ለእንጀራዋም ልብስ አጠበች፣ በሆቴል በገረድነት አገለገለች። በዚያች ከተማ ቶማስ ዶርሲ የሚባል፣ እርሱም የሰባኪ ልጅ የሆነ፣ ቀድሞ ለብሉዝ ዘፋኞች ፒያኖ ሲመታ የኖረ ሰው አዲስ ዓይነት መዝሙር ይደርስ ነበር። የባርነት ዘመን መዝሙር ደራሲው የማይታወቅ፣ የሕዝብ ሁሉ ሀብት ሲሆን፣ ይህኛው ግን ደራሲው የታወቀ፣ በወረቀት ታትሞ የሚሸጥ፣ የብሉዝን ፒያኖ ለወንጌል ያስገዛ ነው፤ ዶርሲም በ1932 ሚስቱንና አራስ ልጁን በአንድ ጊዜ ባጣ ወራት፣ ከሐዘኑ ብዛት “ፕሬሽየስ ሎርድ” የተባለውን ድርሰቱን ጻፈ። እርሱ ወረቀቱን ሲሸጥ ማሃሊያ በየመንገዱ ማዕዘን ቆማ ዜማውን ታሰማ ነበር። በታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ግን ማጨብጨብዋንና መወዛወዝዋን እንደ ነውር የቈጠሩ ሰባኪዎች ነበሩ፤ እርስዋም እጅን ማጨብጨብ በዳዊት መዝሙር የታዘዘ መሆኑን እየጠቀሰች መለሰችላቸው።

በ1937 የቀረጸችው የመጀመሪያ ሸክላ ገበያ አላገኘም። የተማረ ሰው የነበረው ባልዋ ይህን ድምፅ በአውሮፓውያን የሙዚቃ ሥርዓት እንድታሠለጥነው፣ በቲያትርም እንድትሠራ ቢወተውታት እንቢ አለች፤ በምሽት ክበብ መዝፈንንም ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ተጸየፈች ኖረች። አንዳንዶች ይህን ግትርነት ይሉታል፤ እኔ ግን የኃይልዋ ሁሉ ምሥጢር ከዚህ ይመስለኛል፤ የብሉዝን መሣሪያ በሙሉ በእጅዋ ይዛ ለብሉዝ አለመገዛትዋ፣ ያ ድምፅ በሄደበት ሁሉ ጉባኤውን እንደ ጸሎት ቤት እንዲያደርገው አስችሎታልና። በ1947 በሜምፊሱ ሰባኪ በኸርበርት ብሩስተር የተደረሰውን “ሙቭ ኦን አፕ ኤ ሊትል ሃየር” የተባለ መዝሙር፣ ከርዝመቱ የተነሣ በሸክላው ሁለት ገጽ ተከፍሎ፣ ለአፖሎ ኩባንያ ቀረጸች፤ ይህም ለመንፈሳዊ ሸክላ ከዚያ በፊት ባልታየ ብዛት ተሸጠ። በ1950 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በአውሮፓ ዘመረች፤ በእነዚህ መድረኮች ፒያኖውን የምትመታላት፣ ምቱን ስታፈጥንም ስታዘገይም በእስትንፋስዋ ብቻ የምትረዳት ሚልድረድ ፎልስ ነበረች። የዚህች ሴት ስም ከማሃሊያ ስም ተለይቶ መጠራቱ አግባብ አይደለም።

ነሐሴ 28 ቀን 1963 በዋሺንግተን፣ በሊንከን መታሰቢያ ፊት፣ ከባርነት ዘመን የወረሰችውን መዝሙር ከዘመረች በኋላ በዚያው ቆይታ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተጻፈ ንግግሩን ሲያነብ ስለ ሕልሙ እንዲነግራቸው ከኋላው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደ ጠራችው በቅርብ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል፤ እርሱም ወረቀቱን ትቶ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ተናገረ። እርሱ በተገደለ ጊዜ፣ በ1968፣ እጅግ ይወደው የነበረውን የዶርሲን “ፕሬሽየስ ሎርድ” በቀብሩ ሥርዓት ላይ የዘመረችው እርስዋ ናት። በ1972 በጥር ወር ማሃሊያ ራስዋ ባረፈች ጊዜ ደግሞ፣ በቺካጎ ያንኑ መዝሙር ያሰማችላት፣ በዲትሮይት በአባትዋ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ያደገችው የሰባኪው ልጅ አሬታ ፍራንክሊን ነበረች።