ውሃ ማሞቂያው ማሞቅ ሲሳነው

በአዲስ አበባና በሌሎች የአገራችን ከተሞች በሚገኙ በርካታ መኖሪያ ቤቶች፣ በተለምዶ ቦይለር እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ የመታጠቢያ ክፍል የዘወትር ዕቃ ከሆነ ሰንብቷል። መሣሪያው ውሃውን በሚገባ ማሞቅ ሲሳነው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ተበላሽቷልና ይለወጥ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ችግሩ ከማሞቂያው ውጪ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ፈጽሞ አለመሞቅ፣ ዘግይቶ መሞቅ እንዲሁም ሞቆ ቶሎ ማለቅ የየራሳቸው መንስኤ ስላላቸው በቅድሚያ ለይቶ ማወቅ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

ዘግይቶ ከሚሞቀው እንጀምር። 50 ሊትር የሚይዝና 1 ነጥብ 5 ኪሎዋት ኃይል ያለው ማሞቂያ፣ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነን ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ይህ የሚሆነው ግን ቮልቴጁ 220 ሲሆን ነው። ምሽት ላይ በየቤቱ ምጣዱና ምድጃው በሚበራበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ የማሞቂያው ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ በመሆኑ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይቀራል፤ የማሞቂያው ጊዜም ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። በመሆኑም ምሽት ላይ የሚለግም ማሞቂያ ሌሊት በአግባቡ የሚሠራ ከሆነ፣ ጉድለቱ የመስመሩ እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

ሌሊትም ቀንም የሚዘገይ ከሆነ ግን ሬዚስታንሱ ቅርፊት ሳይዝ አይቀርም። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ ውሃ የበለጠ ማዕድን ያዘለ ነው። የድሬዳዋ ነዋሪዎች በማፍያ ዕቃዎቻቸው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በደንብ ያውቁታል። ይኸው ቅርፊት ሬዚስታንሱን ሲሸፍነው ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይተላለፍ ያግዳል፤ ሬዚስታንሱም ራሱ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። በማሞቅ ላይ ሳለ የመንጫጫት ድምፅ መሰማቱ የዚህ ምልክት ነው። ባለሙያ ፈትቶ ሊያጸዳው ይችላል።

ውሃው ፈጽሞ ካልሞቀ መጀመሪያ የሚታየው ብሬከሩ፣ ቀጥሎም የማሞቂያው መብራት ነው። በብዙዎቹ ማሞቂያዎች መብራቱ በርቶ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የተቃጠለው ሬዚስታንሱ ነው። ኃይል እያለ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ጥርጣሬው ቴርሞስታት በሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ለብቻቸው የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው።

ሞቆ ቶሎ የሚያልቀው ውሃ ብዙዎችን ያሳስታል። ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ ላይ ከሆነ፣ 50 ሊትሩ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚስማማ 100 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል፤ 45 ዲግሪ ላይ ከሆነ ግን 70 ሊትር እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ጊዜም ገጣሚው የሙቁንና የቀዝቃዛውን ቧንቧ አቀያይሮ ያስራቸዋል። ያን ጊዜ የሚቀዳው ከጋኑ አናት ያለው ሙቅ ውሃ ሳይሆን ከታች ያለው ቀዝቃዛው ነው። ያረጀ ሚክሰርም ቀዝቃዛውን በስውር ወደ ሙቁ መስመር ያሳልፋል። ይህን ለማረጋገጥ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ውሃ ዘግቶ የሙቁን ቧንቧ መክፈት በቂ ነው፤ ውሃው መፍሰሱን ካላቋረጠ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው።

እነዚህን ምርመራዎች ማንም ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። ሽፋኑን መፍታት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብሬከሩን ሳያጠፋ መንካት የለበትም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች፣ ጋኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ማሞቂያውን ማብራት ሬዚስታንሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል። ስለሆነም ከማብራት በፊት ከሙቁ ቧንቧ ውሃ መውረዱን ማየት ያሻል። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለው የደህንነት ቫልቭ ሲያንጠባጥብ በጨርቅም ሆነ በቡሽ መድፈን እጅግ አደገኛ ነው። 50 ሊትር ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣም ጋኑን ሊያፈነዳ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ውሃው ወይም ቧንቧው እጅን ሲነዝር ነው። ይህ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ማምለጡንና የመሬት መስመሩ አለመኖሩን ወይም መበጠሱን ያመለክታል። ያን ጊዜ በእርጥብ እጅ ምንም ሳይነኩ ከመታጠቢያው መውጣት፣ ብሬከሩን ከውጪ ማጥፋትና የመሬት መስመሩ በባለሙያ እስኪታሰር ድረስ በማሞቂያው አለመጠቀም ይገባል።