የሬይ ቻርልስ የመጨረሻ አልበም፡ 12 ድምጻውያን የተጋሩት ሥራ

አንድ ድምጻዊ ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ከሌሎች ድምጻውያን ጋር በቅብብል የተጫወታቸውን ዘፈኖች በአንድ አልበም ሰብስቦ ማውጣት በዓለም የሙዚቃ ኢንዱስትሪ የተለመደ አሠራር ከሆነ ቆይቷል። ይሁንና ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት አልበሞች የታዋቂ ሰዎችን ስም በሽፋናቸው ላይ ከመደርደር ያለፈ ፋይዳ የላቸውም የሚል ትችት ይቀርብባቸዋል። አሜሪካዊው ድምጻዊና ፒያኖ ተጫዋች ሬይ ቻርልስ በሕይወቱ ማብቂያ ወራት ያዘጋጀው፣ "ጂኒየስ ለቭስ ካምፓኒ" የተሰኘው አልበም ከዚህ ትችት ነጻ ከሆኑት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። የአልበሙ ርዕስ "ሊቅ ባልንጀራ ይወዳል" እንደማለት ሲሆን፣ "ሊቁ" የሚለው ድምጻዊው ለረጅም ዓመታት ሲጠራበት የኖረ ቅጽል ስም ነው።

ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ በ1930 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦልባኒ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በሰባት ዓመቱ የዓይኑን ብርሃን ሙሉ በሙሉ አጣ። የሙዚቃ ትምህርቱን የተከታተለው በፍሎሪዳ መስማትና ማየት ለተሳናቸው ልጆች በተቋቋመ ትምህርት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርን ስልት ከብሉዝ ጋር በማዋሐድ ዛሬ "ሶል" ተብሎ ለሚጠራው የሙዚቃ ዓይነት መሠረት ከጣሉት ባለሙያዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። እ.ኤ.አ በ1960 ያስቀረጸውን "ጆርጂያ ኦን ማይ ማይንድ" የተሰኘ ዘፈን፣ የትውልድ ግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1979 የግዛቲቱ ይፋዊ መዝሙር አድርጎ አጽድቆታል።

የአልበሙ ቀረጻ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2003 አጋማሽ ነው። ድምጻዊው በዚያው ዓመት በጤና ችግር ምክንያት የሙዚቃ ጉዞውን ለማቋረጥ የተገደደ ሲሆን፣ ቀረጻው እየቀጠለ በሄደ መጠን የጉበት ሕመሙ እየጸናበት መጣ። አልበሙን በፕሮዲውሰርነት የመሩት ጆን በርክና ፊል ራሞን ናቸው። በእያንዳንዱ ዘፈን አንድ እንግዳ እንዲሳተፍ በመደረጉ በአልበሙ ውስጥ 12 ዘፈኖችና 12 ተጋባዥ ድምጻውያን ይገኛሉ። እነርሱም ኖራ ጆንስ፣ ጄምስ ቴይለር፣ ዳያና ክራል፣ ኤልተን ጆን፣ ናታሊ ኮል፣ ቦኒ ሬይት፣ ዊሊ ኔልሰን፣ ማይክል ማክዶናልድ፣ ቢቢ ኪንግ፣ ግላዲስ ናይት፣ ጆኒ ማቲስና ቫን ሞሪሰን ናቸው።

የአልበሙን ልዩ ባሕርይ ለመረዳት በቅብብል የሚዘፈኑ ሥራዎች የሚዘጋጁባቸውን መንገዶች ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መንገድ ቀድሞ በተቀረጸ ድምጽ ላይ አዲስ ድምጽ መጨመር ነው። ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው ናታሊ ኮል እ.ኤ.አ በ1991 ያወጣችው ሥራ ነው። አባቷ ናት ኪንግ ኮል እ.ኤ.አ በ1965 ሲሞት እርሷ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ከ26 ዓመታት በኋላ የአባቷን የቀድሞ ቅጂ መነሻ በማድረግ የራሷን ድምጽ አክላበት አብረው የዘፈኑ ያህል እንዲሰማ አድርጋለች።

ሁለተኛው መንገድ ድምጻውያኑ በሕይወት እያሉ፣ ነገር ግን ሳይገናኙ መቅረጽ ነው። ፍራንክ ሲናትራ እ.ኤ.አ በ1993 "ዱዌትስ" የተሰኘውን አልበም ሲያዘጋጅ የራሱን ድርሻ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ አስቀረጸ። ተጋባዦቹ ግን ድምጻቸውን ከእርሱ ተለይተው፣ አንዳንዶቹም ከሌላ ከተማ በስልክ መሥመር አማካይነት በማስተላለፍ ነው የተሳተፉት። አልበሙ በሽያጭ ረገድ እጅግ ቢሳካለትም፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩበት የማይሰማ ቅብብል ነው ሲሉ ሐያስያን ነቅፈውታል።

ሦስተኛውና ጥንታዊው መንገድ ሁለቱ ድምጻውያን በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው መዝፈናቸው ነው። ሬይ ቻርልስ የመረጠው ይህንኑ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሲናትራ አልበም ፕሮዲውሰር የነበረው ፊል ራሞን በዚህም ሥራ ላይ መሳተፉ ትኩረት የሚስብ ነው። አብዛኞቹ እንግዶች ድምጻዊው በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወዳሠራው የራሱ ስቱዲዮ እየመጡ አብረውት ተቀርጸዋል። ከቫን ሞሪሰን ጋር ያደረገው ቅብብል ደግሞ በመድረክ ላይ በተመልካች ፊት የተቀረጸ ነው። በመሆኑም አድማጩ የሚሰማው አንዱ ሲዘፍን ሌላው የሚጠብቀውን፣ የሚያጅበውንና የሚመልስለትን ነው። የታማሚው ድምጽ የደከመባቸው ቦታዎችም አልተሸፈኑም፤ ይልቁንም እንግዳው በእነዚያ ቦታዎች ላይ ደግፎ ሲያነሳው ይደመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ተጨባጭ ትርጉም ያገኛል።

የተጋባዦቹ አመራረጥም የታሰበበት ነበር። እ.ኤ.አ በ1925 ከተወለደው የብሉዝ ሊቅ ቢቢ ኪንግ እስከ እ.ኤ.አ በ1979 የተወለደችው ኖራ ጆንስ ድረስ በአንድ አልበም ውስጥ ከሁለት ትውልድ በላይ ተገናኝቷል። ኖራ ጆንስ ከሬይ ቻርልስ ጋር የተጫወተችው "ሂር ዊ ጎ አጌን" የተሰኘውን ዘፈን ሲሆን፣ እርሱ ይህን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጸው እ.ኤ.አ በ1967፣ እርሷ ከመወለዷ 12 ዓመታት አስቀድሞ ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ የጋራ ሥራ በስተጀርባ አድማጭ የማያየው ሰፊ የሕግና የአስተዳደር ሥራ አለ። አንድ ዘፈን የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት አለበት፤ የተቀረጸው ድምጽ ደግሞ የድምጻዊውንና የአሳታሚውን የተለየ መብት ያስከትላል። ከአንድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለ ድምጻዊ በሌላ ኩባንያ አልበም ላይ ለመሳተፍ በአብዛኛው የራሱን ኩባንያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ስለዚህ 12 እንግዶች ያሉበት አልበም በርካታ ስምምነቶችን ይጠይቃል። ሬይ ቻርልስ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1959 ከኤቢሲ ፓራማውንት ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የዘፈኖቹ ዋና ቅጂዎች ባለቤትነት ወደ ራሱ እንዲመለስ ያስማማ ሲሆን፣ ይህም በዘመኑ ድምጻውያን ዘንድ እጅግ ያልተለመደ ነበር። በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ጎን ለጎን ለከዋኞችና ለድምጽ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች መብት እውቅና መስጠቱ ይታወቃል።

የአልበሙ ስርጭትም አዲስ መንገድ የተከተለ ነበር። ኮንኮርድ የተሰኘው የሙዚቃ ኩባንያ አልበሙን ያሳተመው ከስታርባክስ ኩባንያ የሙዚቃ ክፍል ጋር በመተባበር ነው። ስታርባክስ የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ጋር እ.ኤ.አ በ2007 ስምምነት የተፈራረመው የቡና ኩባንያ ነው። በሙዚቃ መደብሮች ብቻ ይሸጥ የነበረው ሲዲ ቡና በሚጠጣባቸው ቤቶች በመቅረቡ፣ ወደ መደብር መሄድ የተዉ በዕድሜ የገፉ አድማጮች ዘንድ ሊደርስ ችሏል። ኩባንያው በመደብሮቹ ሲዲ መሸጡን እ.ኤ.አ በ2015 አቁሟል።

ሬይ ቻርልስ የድካሙን ፍሬ ለማየት አልታደለም። በአደባባይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ ኤፕሪል 30 ቀን 2004 ስቱዲዮው በታሪካዊ ቅርስነት በተሰየመበት ሥነ ሥርዓት ላይ ነበር። ጁን 10 ቀን በ73 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ከጆኒ ማቲስ ጋር የተቀረጸው ዘፈን በሥርዓተ ቀብሩ ላይ ተሰምቷል። አልበሙ ለገበያ የቀረበው ከሞቱ ሁለት ወራት ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኦገስት 31 ቀን 2004 ነው። በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ወር በተካሄደው የግራሚ ሽልማት ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ አልበምና ከኖራ ጆንስ ጋር የተዘፈነው የዓመቱ ምርጥ ቅጂ መባልን ጨምሮ 8 ሽልማቶችን አስገኝቷል። ከሽልማቱ በኋላም በአሜሪካ የአልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ደረጃን ይዟል። ድምጻዊው ከዚህ ቀደም በዚህ ደረጃ ላይ የተቀመጠው እ.ኤ.አ በ1962 ነበር።

ለዚህ ውጤት የድምጻዊው ሞት የፈጠረው ሐዘን አስተዋጽኦ አላደረገም ማለት አይቻልም። ሆኖም ሐዘን የአንድ ወቅት ገበያን እንጂ ለዓመታት የሚደመጥ ሥራን አይፈጥርም። ናታሊ ኮል ከአባቷ ጋር ለመዝፈን ቅጂን ብቻ መጠቀም ግድ ሆኖባት ነበር፤ ከሬይ ቻርልስ ጋር የዘፈኑት ግን እርሷን ጨምሮ ሁሉም አንጋፋው በሕይወት ሳለ፣ ፈቃዱንና ምርጫውን ጠይቀው አብረውት ሠርተዋል። አንጋፋ ባለሙያዎችን የማክበርና ሥራቸውን ለትውልድ የማስተላለፍ ጉዳይ ሲነሳ ከዚህ አልበም የሚገኘው ትምህርት ይኸው ነው። ከባለሙያው ጋር መሥራት የሚቻልበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ፣ ቀረጻውም ሆነ የመብት ስምምነቱ ባለቤቱ ራሱ ሊናገርበት በሚችልበት ወቅት መከናወን ይኖርበታል።