ሊኑክስ ተጭኖ ስክሪኑ ሲጨልም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ በብዙ ቤት ስለ ኮምፒዩተር መነጋገር ግድ ሆኗል። አዲስ ይገዛ ወይስ አሮጌው ይታደስ? በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ ይመጣል፦ “እኔው ራሴ እገጣጥመዋለሁ!” ፕሮሰሰሩ በልደት ገንዘብ፣ ማዘርቦርዱ በቅናሽ ቀን፣ ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ከሰው እጅ እየተገዛ ዕቃው በወራት ይጠራቀማል። ለዊንዶውስ የሚከፈለውን ለማትረፍም በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ይመረጣል።

ከዚያ ማስነሻው ይጫናል። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚባለው ይታወቃል። “ካርዱ ተቃጥሏል”፣ “አታለሉህ”፣ “ድሮም ተው ብዬህ ነበር”። ነገሩ የቀልድ አይደለም፤ ሱቆች ዕቃ የሚመልሱት በተወሰነ ቀን ውስጥ ነው፣ ያገለገለውንማ የሚመልስልን የለም። ጤነኛውን ካርድ ተበላሸ ብሎ መመለስም ሆነ የተበላሸውን የሊኑክስ ችግር ነው ብሎ ማስቀመጥ ሁለቱም ኪሳራ ነው። ስለዚህ አንድም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ስክሪኑ የጨለመው መቼ ነው?

የፋብሪካው አርማ ከመታየቱ በፊት ከሆነ

ኮምፒዩተሩ ሲበራ በመጀመሪያ የሚታየው የማዘርቦርዱ አምራች አርማ ነው። እሱም ካልታየ ሊኑክስን አይውቀሱ፤ ገና ተራው አልደረሰም።

ቀላሉን ያስቀድሙ። ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ከኋላው ሁለት ቦታ የሞኒተር መሰኪያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ። ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። ስማቸው ኤፍ በሚል ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው የምስል ክፍል የላቸውም፤ ከእነሱ ጋር የማዘርቦርዱ መሰኪያ ምንም አያሳይም። ከኤኤምዲ የራይዘን 5000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችም የምስል ክፍል ያላቸው በስማቸው ጂ የሚል ፊደል ያለባቸው ናቸው። ካርዱ ከኃይል ማከፋፈያው የሚመጣ የራሱ ገመድ የሚፈልግ ከሆነ እሱም እስከ መጨረሻው መግባቱን ያረጋግጡ። ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር የሚጠቀሙ ደግሞ በሪሞቱ ትክክለኛውን የኤችዲኤምአይ ቁጥር መምረጣቸውን ይዩ።

አንድ ነገር ግን ብዙዎችን ያስደነግጣል። ዲዲአር 5 የሚባለውን ሜሞሪ የሚጠቀሙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች፣ በተለይ የኤኤምዲዎቹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሱ ሜሞሪውን የሚለማመዱበት ጊዜ ይወስዳሉ። ይህ ደቂቃዎችን ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። አያጥፉት። ቡና አፍልተው ይመለሱ፣ ቢያንስ እስከ አቦሉ ይታገሡ። ከዚያ በኋላም ካልመጣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ይመልከቱ፤ ብዙ ቦርዶች ለፕሮሰሰር፣ ለሜሞሪ፣ ለምስልና ለማስነሻ ዲስክ አንዳንድ መብራት አላቸው። በርቶ የቀረው የትኛው እንደሆነ ለሱቁ ሲነግሩ ክርክሩ ያጥራል።

ሊኑክስ ሲጀምር ከጨለመ

አርማው ታየ፣ የሊኑክሱ ፍላሽ ዲስክ ተነሣ፣ ምርጫዎቹ ተዘረዘሩ፣ “ጫን” ሲሉት ጨለመ። ይህ መልካም ዜና ነው! ካርዱ እስከዚያች ደቂቃ ምስል ሲሰጥ ነበርና መቃጠሉን ይተዉት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑን የሚያሠራው ማዘርቦርዱ ራሱ ነው፣ በቀላል አሠራር። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሲነሣ ግን ሥራውን ተረክቦ የስክሪኑን ስፋትና ፍጥነት በራሱ ድራይቨር ያስተካክላል። ርክክቡ ላይ ድራይቨሩ ካርዱን በደንብ ካላወቀው ምስሉ ይጠፋል። ይህ በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሊኑክስ ይዞት የሚመጣው ኑቮ የተባለው ድራይቨር የተሠራው በአብዛኛው ከኩባንያው ውጭ ባሉ ሰዎች፣ የካርዶቹን ጠባይ እያጠኑ ነውና። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ በኤንቪዲያ ተናድዶ ጣቱን እስከማሳየት ደርሶ ነበር። ኩባንያው የከርነል ድራይቨሩን ኮድ ለሕዝብ የከፈተው ከአሥር ዓመት በኋላ በሜይ 2022 ነው።

ኮምፒዩተሩ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ይጫኑ። መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ውስጡ እየሠራ ነው፤ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው።

ኡቡንቱን የሚጭኑ ከሆነ መውጫው ምርጫዎቹ ላይ ተጽፏል፦ ሁለተኛው መስመር “ሴፍ ግራፊክስ” የሚል ነው፣ እሱን ይምረጡ። ይህ ምርጫ በሌለበት ግን ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል። የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ቆመው ኢ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይጫኑ። ጽሑፍ ይከፈታል። “ሊኑክስ” በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልገው ጫፉ ላይ ክፍት ቦታ ይተዉና በትንንሽ ፊደላት ይህን ይጻፉ፦ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ሳይለያይ አንድ ቃል ነው፣ “ኖሞድሴት” ተብሎ ይነበባል። ከዚያ ኤፍ 10 ይጫኑ። ከርነሉ ስክሪኑን ሳይነካ እንዲነሣ የሚነግር ቃል ነው።

ፈረንሳይና ቤልጅየም ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ደረጃ ኪቦርዱ የሚሠራው በአሜሪካ አቀማመጥ ነው። በእናንተ ኪቦርድ ላይ ኤም የምትገኘው ኤል አጠገብ ሳይሆን ከኤን ቀጥሎ ነጠላ ሰረዙ ያለበት ቁልፍ ላይ ነው። የጀርመን ኪቦርድ ያላቸው ግን እነዚህን ፊደላት ባሉበት ያገኟቸዋል።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሲነሣ እንደገና ቢጨልምም መፍትሔው ያው ነው፤ ልዩነቱ ምርጫዎቹ ተደብቀው መቆየታቸው ነው። አርማው እንደጠፋ ኢስኬፕን አንዴ ብቻ ይንኩ፤ ደጋግመው ከመቱት ባዶ የትእዛዝ መስመር ያመጣልዎታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች “ሠራልኝ” ብለው ያቆማሉ፤ አይመከርም። ኖሞድሴት ምርኩዝ ነው። በእሱ እየተነሣ የሚኖር ኮምፒዩተር ስክሪኑ በአነስተኛ ስፋት ተቀርጾ ይቀራል፣ ቪዲዮው ይንቀራፈፋል፣ ጨዋታማ አይታሰብም። ያን ሁሉ ብር የተከፈለበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ትክክለኛው ድራይቨር

ካርዱ ኤንቪዲያ ከሆነ ኡቡንቱ ሲጫን የሌሎች ኩባንያዎችን ሶፍትዌር ይጨመር ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ካለፈዎትም በኋላ “ተጨማሪ ድራይቨሮች” ከሚለው መስኮት ገብተው የሚመከረውን መምረጥ ይችላሉ።

ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ጫኙ የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠይቅዎታል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋና ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ የሚጠብቀው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው። ስህተት መስሏቸው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። አንድ ቁልፍ ነክተው ይግቡ፣ “ኤንሮል” የሚለውን መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ካለፈዎት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም፣ እርስዎም ካርዱን መልሰው መጠርጠር ይጀምራሉ። ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ቢትሎከር ያለው ዊንዶውስ ካለ የመክፈቻ ቁጥሩን አስቀድመው ወረቀት ላይ ይያዙ፣ አለበለዚያ ፋይልዎ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

ለኤኤምዲና ለኢንቴል ካርዶች ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ለብቻው ፍለጋ አያስፈልግም። ችግር የሚመጣው ካርዱ ከሊኑክሱ በዕድሜ ሲያንስ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ኤፕሪል 2024 ሲወጣ ከርነሉ 6.8 ነበር፤ ማርች 2025 ገበያ የገባውን የኤኤምዲ 9070 ካርድ ሊያውቀው አይችልም። ቀድሞ በተቀመጠ ፍላሽ ከመታገል የቅርቡን እትም አውርዶ እንደገና መሞከር ይሻላል።

ስክሪኑ ይሠራል፣ ግን...

ቴሌቪዥን ላይ ጠርዙ ተቆርጦ ከታየ የሚስተካከለው ከራሱ ከቴሌቪዥኑ የምስል ቅንብር ነው። በኤኤምዲ ካርድ 4ኬ ስክሪን ላይ 120 ሄርዝ እምቢ ካለ ገመድ አይለዋውጡ፤ ኤችዲኤምአይን የሚያስተዳድረው ማኅበር በ2024 ለኤኤምዲ ክፍት ድራይቨር የኤችዲኤምአይ 2.1ን ፈቃድ ከልክሎ ነበርና ሞኒተሩ ካለው በዲስፕሌይፖርት ያገናኙት።

የአማርኛ ጽሑፍ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ካርዱም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉትን በነጻ መጫን ይቻላል። ለመጻፍ ደግሞ ቅንብሮች ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብተው አማርኛን ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሰው መጠየቅዎ አይቀርም። ያኔ “ስክሪኑ አይሠራም” ማለት ብቻውን አይጠቅምም፦ የካርዱን ሙሉ ስም፣ የሊኑክሱን እትም፣ የገመዱን ዓይነትና የጨለመበትን ደቂቃ ይንገሩ፤ ከመጨለሙ በፊት የሚያልፈውን ጽሑፍም በስልክዎ ይቅረጹት። ዲስኩን ሁሉ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ከመንካትዎ በፊት ግን የሠርጉና የክርስትናው ፎቶ በሌላ ዲስክ መቀመጡን በዓይንዎ ይዩ። ልጁ “ገልብጫዋለሁ” ቢልም ከፍቶ ያሳይዎት።