አምኖንም ያዕቆብም ወድደው ነበር

ጥር ሲገባ እንጭኒ ላይ የሙሽራ መኪኖች ጥሩምባ ከሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች ጩኸት ጋር ይደባለቃል። ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የአዳ በርጋ ወረዳ ከተማ፣ እንደ ሌላው የምዕራብ ሸዋ ከተማ ሁሉ፣ ስለ ፍቅር የሚነገረው ነገር ሁለት ወገን አለው። ወጣቱ «ልብ ከወደደ ሌላው ትርፍ ነው» ይላል። ወላጅ ደግሞ «የዓይን ፍቅር ዓመት አይሞላም፤ የሚበረክተው ሽማግሌ ያገናኘው ነው» ባይ ነው። ሁለቱም ለክርክራቸው መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት እዚያው ላይ ነው፤ ፍቅር እውነተኛ መሆኑን በአመጣጡ ይመዝናሉና። መጽሐፉ ግን ከየት መጣ ከማለት ይልቅ ያ ሰው የፈለገውን ሲከለከል፣ በኋላም ሲያገኝ ምን አደረገ ብሎ ይተርካል።

ያዕቆብና አምኖን ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በዓይናቸው ወደዱ። ያዕቆብ ራሔልን ባየባት ዕለት የጉድጓዱን ድንጋይ ብቻውን አንከባለለ፣ ሳማት፣ ጮኾም አለቀሰ። ከዚህ የበለጠ የመጀመሪያ ቀን ፍቅር አይገኝም። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖንም በአባት ለምትገናኘው እህቱ ለትዕማር ሲል እስኪታመም ድረስ ተጨነቀ። ልዩነቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። አምኖን በሽተኛ መስሎ ተኛና ትዕማር እፊቱ እንጎቻ እንድትጋግርለት አስጠራት፤ ሐሳቡ ሁሉ በራሱ ፍላጎት ላይ ስለነበር የእርሷን መልስ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ትዕማር እየተጨነቀች እንኳ መንገድ አሳየችው፤ ለንጉሡ ንገር፣ አይከለክልህም አለችው። ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልታገሠም። በጉልበት ደፈራት፤ ወዲያው ጥላቻው ከፍቅሩ በለጠ፣ አሽከሩን ጠርቶ ከኋላዋ በሩን አዘጋባት። ያዕቆብ ግን ሰባት ዓመት በግ ጠበቀ። አባቷ ላባ አታልሎት ታላቅ እህቷን ልያን ቢሰጠው እንኳ ራሔልን ካገኘ በኋላ ሌላ ሰባት ዓመት አገለገለ። ዕዳ ስለነበረበት ነው የሚል ይኖራል፤ አዎ፣ ግን አምኖን የፈለገው እጁ ሲገባ ስሜቱ በዚያው ሰዓት ሲያልቅ፣ ያዕቆብ የሚወዳት በእጁ ሆና ዋጋዋን መክፈሉን ቀጠለ። ግብፅ ውስጥ ሊሞት ሲል እንኳ ራሔልን በኤፍራታ መንገድ መቅበሩን ለዮሴፍ ያነሣለታል።

ስለዚህ «የሚያቃጥል ከሆነ ውሸት ነው» የሚለው የመድረክ ምክር መጽሐፉን አይመስልም። ጥናትም አይደግፈውም። ዶረቲ ቴኖቭ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሌት ተቀን አንድን ሰው የማሰብ አባዜ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት እንደሚቆይ ገምታለች። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ሁሉም ይበርዳል» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ቢያንካ አሴቬዶና ባልደረቦችዋ በአማካይ ሃያ አንድ ዓመት በትዳር የቆዩና አሁንም አጥብቀው እንዋደዳለን ያሉ 17 ሰዎችን አንጎል በመሣሪያ ሲያዩ፣ አዲስ አፍቃሪ ላይ የሚነቃው ክፍል እነርሱም ላይ ነቅቶ አገኙት። ናሙናው ጥቂት፣ ሰዎቹም የተመረጡ ናቸው፤ የሁሉም ትዳር እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ይቻላል የሚለውን ለማሳየት ግን ይበቃል። ወጣቱም ቢሆን የሚጠቅሰውን ይመርምር፤ በአማርኛ የፍቅር ምሳሌ ሆነው የሚነሡት የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ሰዎች በዛብህና ሰብለ ወንጌል አንድ ክረምት እንኳ አብረው ጎጆ አላሞቁም። የሽንኩርት ዋጋና የልጅ ትኩሳት ያልፈተነውን ፍቅር የትዳር መለኪያ ማድረግ ይከብዳል።

ወላጆች ይስሐቅን ይጠቅሳሉ፦ ሎሌው ሄዶ ርብቃን አመጣለት፣ አገባት፣ ከዚያ ወደዳት። እውነት ነው፤ ግን ያው ምዕራፍ የርብቃ ቤተሰብ «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ብሎ እንደጠየቃትና እርሷም እሺ እንዳለች ይናገራል። ሽምግልናው ፈቃድን አልተካም። የኦሮሞ ባህልም ቢሆን ሁሉን ለሽማግሌ አልተወም፤ አሴና በሚባለው ልማድ ልጅቱ ራሷ የመረጠችው ሰው ቤት ሄዳ ትገባለች። «የድሮ ትዳር ጽኑ ነበር» የሚለውን ደግሞ ቁጥር ያናውጠዋል። ቲልሰንና ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በሠላሳ ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያልቁ፣ ከሚፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሚፋቱ አገኙ። የፍቺን ዕድል ከፍ የሚያደርጉ ሆነው የወጡት በልጅነት መዳርና ልጅ ማጣት ናቸው። ይህ የቴሌግራም ትውልድ አይደለም፤ ብዙዎቹ ወላጅ መርጦ የዳራቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ ጊዜ ዳኛ ከሆነ፣ አርባ ዓመት እየተደበደበች የኖረች ሴት ትዳር ፍቅር ነው ማለት ነው? በየሠርጉ የሚነበበው የቆሮንቶስ መልእክት «ይታገሣል» የሚለውን ለዚህ የሚያውሉት አሉ። ያው ምዕራፍ ግን ፍቅር የራሱን አይፈልግም፣ በዓመፃም ደስ አይለውም ይላል፤ ትዕግሥቱ የተጻፈው ለሚወድ ሰው እንጂ ለሚመታ መሸሸጊያ አይደለም። ጊዜ የሌለውን አይፈጥርም፣ ያለውን ይገልጣል። ያዕቆብም ለራሔል የታመነውን ያህል ልያን በድሏታል፤ ዘፍጥረት እንደተጠላች በግልጽ ይጽፋል፣ ልጆችዋን ስትሰይም ባሌ አሁን ይወደኛል ብላ ተስፋ ማድረግዋንም አልደበቀም። በመጨረሻ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ጋር በመክፌላ ዋሻ የተቀበረችው፣ ያዕቆብም ቅበሩኝ ባለበት ስፍራ ያረፈችው ልያ ናት። ይህን ይዞ ልያ ተወድዳ ኖረች የሚል ግን የለም፤ እንጭኒ ላይም ለሽምግልና የሚቀመጡ አባቶች «ስንት ዓመት ኖራችሁ» ካሉ በኋላ «እንዴት ኖራችሁ» ብለው ካልጠየቁ ጉዳዩን ገና አልያዙትም።