ከስምጥ ሸለቆው ስር

የሰው ልጅ እስካሁን የቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ በሩሲያ ኮላ የሚገኘው ነው፤ 12.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ደጋ ስር ያለው የምድር ቅርፊት ግን በአብዛኛው ከ35 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ከዚያ በታች ያለውን ለማወቅ ሁነኛው መንገድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው።

ኢንዶኔዢያ ላይ ምድር ስትናወጥ ሞገዱ የምድርን ውስጥ አቋርጦ በደቂቃዎች ውስጥ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እኛ አይሰማንም፤ ሴይስሞሜትር ግን ይመዘግበዋል። ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ አለቱን እየገፋና እየሳበ ይጓዛል። ተከታዩ ወደ ጎን እያወዛወዘ ይመጣል፤ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። አለት ሲግልና በከፊል ሲቀልጥ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ተከታዩ ደግሞ ይብሳል። ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ሞገዶች በየጣቢያው ስንት ሰከንድ እንደዘገዩ ሲነጻጸር፣ ልክ እንደ ሲቲ ስካን የውስጡ ምስል ይወጣል። የቅርፊቱ ውፍረትም ይለካል፤ ቀዳሚው ሞገድ የቅርፊቱን ወለል ሲሻገር ከፊሉ ወደ ተከታዩ ዓይነት ስለሚለወጥ፣ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል።

መንቀጥቀጥ እስኪመጣ መጠበቅም ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ የኢትዮጵያ፣ የብሪታኒያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኢግል በተባለው ፕሮጀክት 1,000 ያህል መሣሪያዎችን በስምጥ ሸለቆው ላይ ዘርግተው፣ በጉድጓድና በሐይቅ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱን ቀድተዋል።

የእነዚህ ዘዴዎች ውጤት የሚያስደንቅ ነው። ቅርፊቱ ወደ ሰሜን አፋር እየሳሳ ሄዶ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። ከቅርፊቱ ስር ባለው የአለት ንብርብር፣ በማንትል ውስጥ ሞገድ የሚጓዝበት ፍጥነት በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፤ ሙቀትና የቀለጠ አለት (ማግማ) አለ ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፦ አህጉሩን የሚሰነጥቀው መለጠጥ ብቻ ሳይሆን ከታች የሚገፋው ማግማ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በማግማ ተሞልቶ ምድር እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ይህንኑ በዓይን አየነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በስምጥ ሸለቆው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አንስቷል። እንዲህ ያለውን ለመከታተል ያለማቋረጥ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ የምርምር ፕሮጀክት ሲያበቃ ግን መሣሪያው ተነቅሎ ይሄዳል። አዋሽ፣ አዳማና ሐዋሳን በመሰሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ በአገር በጀት የሚተዳደሩ፣ ሌት ተቀን የሚያዳምጡ ቋሚ ጣቢያዎች ሊበዙ ይገባል።