ከፍለን የገዛነው ጨዋታ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጨዋታ ገዝተው የነበሩ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የጨዋታ ዝርዝራቸውን ሲያዩ ጨዋታው ከቦታው ተነስቶ ለብቻው ተቀምጦ አገኙት። ከእንግዲህ ሊከፍቱት እንደማይችሉ የሚገልጽ መልእክትም ታየ። መልእክቱ በዚህ አላበቃም፤ ወደ መደብሩ ጎራ ብለው ሌላ ጨዋታ እንዲመለከቱ ይጋብዛቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ዋጋ ከፍለዋል። የአንዳንዶቹ ዲስክ እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ መደርደሪያቸው ላይ አለ።

ያ አጭር መልእክት ያስነሳው ቁጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአውሮፓ ዜጎችን ፊርማ አሰባስቧል፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ክርክር አስነስቷል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ አስመሥርቷል። የጌም ነገር ሲነሳ «የልጆች ጭቅጭቅ ነው» ብሎ ማለፍ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ከጅምሩ ስከታተል የቆየሁት «ገዛሁ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ጥያቄው ነገ መጽሐፍን፣ ፊልምን፣ መኪናንም መንካቱ አይቀርም።

«ዘ ክሩ» በዲሴምበር 2014 ነው የወጣው። የሠራው የፈረንሳይ ከተማ በሆነችው ሊዮን የሚገኘው አይቮሪ ታወር ሲሆን አከፋፋዩ ዩቢሶፍት ነው። ጨዋታውን የተለየ ያደረገው መላዋን አሜሪካን አሳንሶ በአንድ ካርታ ላይ ማስቀመጡ ነው። ዲትሮይት ላይ መኪናህን ታስነሳለህ፣ ቺካጎን ታልፋለህ፣ የሮኪ ተራሮች በረዶ ላይ ጎማህ እየተንሸራተተ ትወጣለህ፣ በረሃውን አቋርጠህ ሎስ አንጀለስ ውቅያኖሱ ዳር ትደርሳለህ። ከዳር እስከ ዳር መንዳት ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመሃል ማንም አያቋርጥህም፤ «እየተጫነ ነው» የሚል ስክሪን እንኳ የለም። ውድድሩን ትተው ለብቻቸው መንገዱን ብቻ ለመንዳት የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ማታ ከሥራ ተመልሶ ራዲዮ ከፍቶ ዝም ብሎ እንደመንዳት። ዩቢሶፍት ራሱ እንደገለጸው ባለፉት ዓመታት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጫውተውታል።

ታዲያ ብቻህን የምትነዳው መኪና ለምን ይቆማል? መልሱ ጨዋታው በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ፣ ተራራው፣ የሞተሩ ድምፅ ሁሉ አንተ ኮምፒውተር ላይ ወይም ዲስክህ ላይ አለ። የት ደረጃ ላይ እንደደረስክ የሚመዘግበውና ጨዋታው እንዲነሳ የሚፈቅደው ግን የኩባንያው ሰርቨር ነው። ከማንም ጋር ሳትወዳደር ብቻህን ብትጫወት እንኳ በየጊዜው ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አለብህ። ቤቱ ያንተ፣ ቁልፉ ግን አከራዩ ኪስ ውስጥ እንደማለት ነው። ጨዋታው በዲሴምበር 2023 ከመደብር ተነሳ፤ ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ በማግስቱ ዲስኩም ካርቶኑም ፋይዳ አጡ።

ኩባንያው ለመዝጋቱ የሰጠው ምክንያት የሰርቨር መሠረተ ልማቱና የፈቃድ ውሎች ጉዳይ ነው። የፈቃዱ ነገር እውነትነት አለው። የመኪና ጨዋታ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የመኪና ስም፣ በራዲዮው የሚሰማው እያንዳንዱ ዘፈን በውል የተገኘ ነው፤ ውሉ ደግሞ ያልቃል። የማይክሮሶፍቱ «ፎርዛ ሆራይዘን 4»ም በዚሁ ምክንያት በዲሴምበር 2024 ከገበያ ወጥቷል። ነገር ግን ቀድመው የገዙት ሰዎች እስካሁን ይጫወቱታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መሸጥ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ የተሸጠውን መልሶ ማጥፋት ሌላ።

ይህን ልዩነት ጠንከር አድርጎ ያነሳው ሮስ ስኮት የሚባል ፖላንድ የሚኖር አሜሪካዊ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስለ ጨዋታዎች ቪዲዮ መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። በ2019 የጨዋታ ኩባንያዎች በሰርቨር የሚያስሩት ሽያጭ ማጭበርበር ነው ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ቪዲዮ አውጥቶ ነበር፤ ያኔ ብዙም የሰማው የለም። «ዘ ክሩ» ሲዘጋ ግን እጁ ላይ ጥሩ ማስረጃ ወደቀለት። ተጫዋቹ ብዙ ነው፣ ብቻን መጫወት ይቻላል፣ የተሸጠው በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፣ ሻጩ ደግሞ የሸማቾች ሕጓ ጠንካራ የሆነችው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። በኤፕሪል 2024 «ጨዋታዎችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ጀመረ።

ጥያቄውን ብዙዎች ያጣምሙታልና በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዘመቻው ኩባንያዎች ሰርቨር ለዘላለም ይክፈቱ አይልም። የጨዋታውን ባለቤትነት፣ የንግድ ምልክቱን፣ የመሸጥ መብቱን ለተጫዋች ይስጡም አይልም። ድጋፍ በሚያቆሙበት ቀን ጨዋታውን በሆነ መልኩ ሊሠራ በሚችልበት ሁኔታ ትተውት ይሂዱ ነው የሚለው። ያለ ኢንተርኔት የሚነሳበት ማስተካከያ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር የሚያቆሙበት መሣሪያም ሊሆን ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቁበት ሥርዓት አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ፊርማ፣ ቢያንስ በሰባት አገሮች ደግሞ ለየአገሩ የተቀመጠውን አነስተኛ ቁጥር ማሟላት ይጠይቃል። ስኮት አሜሪካዊ በመሆኑ አቅራቢ መሆን ስለማይችል የኅብረቱ ዜጎች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ስማቸውን አስመዘገቡ። ፊርማው ጁላይ 31 ቀን 2024 ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ አሜሪካዊ የጨዋታ ሠሪ ሐሳቡን አጥብቆ ነቀፈው፤ በሰርቨር የሚኖሩ ጨዋታዎችን ከነአካቴው ያጠፋል ሲል ተከራከረ። ለአስር ወር ያህል ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ተንጠልጥሎ ቆየ። በጁን 2025 መጨረሻ ስኮት ዘመቻው ሊያበቃ መቃረቡን የሚናገር ቪዲዮ ለቀቀ። የተሸነፈ ሰው ንግግር ነበር። ቪዲዮውን ሌሎች ትልልቅ የዩቲዩብ ሰዎች ተቀባበሉት፤ በአስር ቀን ገደማ ውስጥ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጁላይ 3 ቀን አንድ ሚሊዮን አለፈ። ፊርማው ሲዘጋ ወደ 1.45 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ አገሮቹ አንድ በአንድ አጣርተው ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋውን ትክክለኛ ብለው አጸደቁት። በጀርመንም በስዊድንም የዜግነት ወረቀት የያዘ የእኛ ልጅ ካለ የመፈረም መብት የነበረው ልክ እንደማንኛውም የአገሩ ዜጋ ነው።

የኢንዱስትሪው ማኅበር ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ ተቃውሞውን ለማሰማት አልዘገየም። በግል ሰርቨር ላይ የተጫዋቾችን መረጃ መጠበቅ አይቻልም፣ ሕገ ወጥ ይዘትን የሚቆጣጠር አይኖርም፣ ብዙ ጨዋታዎች ከመሠረታቸው ለኢንተርኔት ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ወጪው ከባድ ነው ይላል። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ክብደት አላቸው ብዬ አምናለሁ። ትናንት ተሠርቶ ያለቀን ጨዋታ ዛሬ ፈትቶ ከሰርቨር ማላቀቅ ለትንሽ ቡድን ከባድ ሥራ ነው። ግን ዘመቻው የሚጠይቀው ሕግ ወደፊት ለሚሠሩት ነው። መሐንዲስ ቤት ከመሥራቱ በፊት መውጫ በር እንዲያስብ ቢነገረው፣ ተሠርቶ ያለቀን ግድግዳ አፍርስ እንደተባለ መቆጠር የለበትም።

ደግሞም ተሠርቶ ታይቷል። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ የ«ግራን ቱሪስሞ ስፖርት» ሰርቨርን በጃንዋሪ 2024 ሲዘጋ፣ ቀድሞ ባወጣው ማስተካከያ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎ ነው የሄደው። «ኖክአውት ሲቲ»ን የሠሩት ሰዎች በ2023 ሲዘጉት ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር የሚያቆሙበትን ቅጂ ለቀዋል። «ሲቲ ኦፍ ሂሮስ» በ2012 ከተዘጋ በኋላ አፍቃሪዎቹ በድብቅ አቆይተውት ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ባለመብቱ ኤንሲሶፍት ራሱ ለአንደኛው ቡድን ፈቃድ ሰጠ። ሶኒ «ኮንኮርድ»ን ከወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲዘጋው ደግሞ የገዢዎቹን ገንዘብ መልሷል። አይቻልም የሚባለው ነገር ፈቃደኛ ለሆነ ሰው እንደሚቻል እነዚህ በቂ ምስክር ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ልጅነት ልመለስ። ሰፈራችን ውስጥ የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ረጅም አግዳሚ ወንበርና «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል ሕግ ነበረው። ዲስክ ሲቧጨር ባለቤቱ ኮልጌት ቀብቶ በጨርቅ ያሸዋል፣ ያጥበዋል፣ መልሶ ያስገባዋል፤ ይሠራል። በዓለም ላይ ከተረሳ ዓመታት ያለፉት የእግር ኳስ ጨዋታ እዚያ ቤት ውስጥ በየማታው እንንጫጫበት ነበር። ኢንተርኔት አልነበረንም፣ አያስፈልገንምም ነበር። ያ ጨዋታ በኩባንያው ዕድሜ ላይ የሚንጠለጠል አልነበረም፤ መብራት እስካለ ድረስ ይነሳል።

ዛሬ ለእኛ አገር ተጫዋች ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ኢትዮጵያ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት የሆነው ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች አዲስ አበባ ውስጥ አካውንት የሚያወጣ ሰው አገሩን አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ብሎ ይሞላል። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተር የገዙ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ማገናኘት ግዴታቸው ነው ሲል፣ ችግሩ ከእኛ አልፎ የዓለም ሆነ። አካውንቱ በማይፈቀድባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጨዋታው ከመደብር ተነሳ። ተጫዋቾች የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር በሆነው ስቲም ላይ ከ200,000 በላይ የተቃውሞ አስተያየት ጻፉ። ሶኒ በሦስት ቀን ውስጥ ትእዛዙን ሻረ። አካውንት ማውጣት የሚችለው አሜሪካዊና አውሮፓዊ፣ ማውጣት ለማይችለው ወንድሙ ብሎ መጮሁ እስካሁን ልቤን ይነካኛል።

ይህ ቁጣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ዘመቻውን የነቀፈው ያ አሜሪካዊ የጨዋታ ሠሪ ከክርክር ያለፈ ስድብና ዛቻ ወርዶበታል። ተራ ሠራተኞች፣ የመዝጋቱ ውሳኔ ውስጥ እጃቸው የሌለበት ሰዎች፣ በየቀኑ የሚሰደቡበት ሁኔታ አለ። ይህ የተጫዋቾችን ጥያቄ ያረክሰዋል፤ ኩባንያዎቹም ጥያቄውን ከስድቡ ጋር ጠቅልለው እንዲጥሉት ምክንያት ይሰጣቸዋል። የፊርማው ዘመቻ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፦ ብስጭትን ወደ ሕግ ቋንቋ መለወጡ።

ሕጉ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። በኖቬምበር 2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ተጫዋቾች ዩቢሶፍትን ከሰሱ። ኩባንያው ገዢዎች ያገኙት የተወሰነ የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም፣ ይህም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል ሲል መለሰ። ከሳሾቹ ካርቶኑን ገልጠው ሌላ ነገር አሳዩ፦ የጨዋታው ማስነሻ ኮድ የሚያበቃበት ዓመት 2099 ተብሎ ታትሟል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች የሚሸጡት ፈቃድ ከሆነ በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች፤ ስቲምም መክፈያው ገጽ ላይ ይህን የሚገልጽ መስመር ጨምሯል። ሐቀኝነት ነው፣ አልጠላውም። ግን «እየገዛህ አይደለም» ብሎ መንገር ብቻውን የተወሰደበትን ሰው አይክሰውም። የእንግሊዝ መንግሥት ከ100,000 በላይ ሰው ለፈረመበት አቤቱታ የሸማቾችን ሕግ የማሻሻል ዕቅድ የለኝም ብሎ መልሷል፤ በኖቬምበር 2025 የፓርላማ አባላቱ ቢከራከሩበትም። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ፊርማው ሲቀርብለት በስድስት ወር ውስጥ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

የታሪክ ጉዳይም አለበት። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። እነዚያን ቢያንስ አሮጌ ዲስክ ፈልጎ ማንሳት ይቻላል። በሰርቨር የታሰረው ትውልድ ግን ዲስኩ ቢገኝም አይነሳም።

ዩቢሶፍት ከጩኸቱ በኋላ ለተከታዮቹ ጨዋታዎች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩበትን ስልት ቃል ገባ፤ «ዘ ክሩ 2» በኦክቶበር 2025 አግኝቶታል። የመጀመሪያው ግን አልተመለሰም፤ ቢያንስ በኩባንያው እጅ። በሴፕቴምበር 2025 የበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ቡድን ለወራት የሰርቨሩን ንግግር ፊደል በፊደል ሲፈታ ቆይቶ «ዘ ክሩ አንሊሚትድ» የሚል ምትክ ሰርቨር ለቀቀ። ፋይሉን በኮምፒውተራቸው ያቆዩ ሰዎች ዳግመኛ ዲትሮይት ላይ ሞተር አስነሱ። እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ ኮንሶል የገዙት ግን ዲስካቸውን ዛሬም ቢያስገቡት አይከፈትላቸውም።